ግራጫው ዝንብ አዳኝ፦ ከሚመስሉት እንዴት ይለያል? የትስ ሄዶ ማየት ይሻላል?

አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከፏፏቴው ብዙም ሳንርቅ፣ በእሾህ ቁጥቋጦ መካከል ቆመናል። የጠዋት ፀሐይ የፈንታሌን ተራራ አናት ማቅላት ጀምራለች። በደረቀ የግራር ቅርንጫፍ ላይ፣ ከመሬት በወገብ ከፍታ፣ አንዲት አመድማ ወፍ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። አየኋትና ወዲያው ማስታወሻ ደብተሬ ላይ "ባለ ጭረቱ ዝንብ አዳኝ" ብዬ ጻፍኩ። አብረውን የነበሩት የፓርኩ ስካውት በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ምን እንደ ጻፍኩ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

"ቆይ ልጄ፣ አትቸኩል" አሉኝ። "ያኛው ከአየር ላይ ነው የሚቀልበው። ይቺ ከመሬት ነው የምትለቅመው። ዝም ብለህ እያት።"

"እሺ ጋሼ" ብዬ ባይኖኩላሬን ሳላወርድ ጠበቅሁ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ወፏ ቁልቁል ወረደች፤ አሸዋው ላይ ለቅጽበት ያህል አረፈች፤ ትንሽ ፌንጣ በምንቃሯ ይዛ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተነሣች። ፌንጣዋን ሁለት ሦስት ጊዜ ከእንጨቱ ጋር አላትማ ዋጠቻት። ጥቂት ቆይታ አሁንም ወደ መሬት ወረደች። የጻፍኩትን ሰረዝኩት።

ከዚያ ጠዋት ጀምሮ፣ በቆላው ቁጥቋጦ ውስጥ አመድማ ወፍ ሳይ አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ ቀለሙ አይደለም። ምግቡን ከየት ነው የሚያነሣው? ይህን የሚመልስ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል። የቀረው ግማሽ ደግሞ ብዙዎች ከሚያስቡት በላይ በምትሄዱበት ቦታና ወር ይወሰናል። ይህን መመሪያ ስጽፍ ያሰብኩት አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ ኖሯችሁ ይህችን ወፍ በእርግጠኝነት ማየት የምትፈልጉትን ነው።

ስለ የትኛው ወፍ ነው የምናወራው?

በሳይንሳዊ ስሙ ሜላኖርኒስ ማይክሮሪንከስ የሚባለውን ወፍ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ "ግራጫው ዝንብ አዳኝ" እለዋለሁ። ማይክሮሪንከስ ማለት "ምንቃረ ትንሽ" ማለት ነው። ስሙን የያዘ ሰው አንዱን መለያ አብሮ ይይዛል፤ ምንቃሩ አጭርና ጥቁር ነው። ርዝመቱ ከ13 እስከ 14 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ጀርባው ወደ ቡናማ ያደላ ግራጫ፣ ጉሮሮው ነጣ ያለ፣ ደረቱ ጭረት የሌለበት ፈዛዛ ግራጫ ነው። እግሩም ጥቁር ነው። ወንዱና ሴቷ በመልክ አይለያዩም። ከኢትዮጵያ ሌላ በሶማሊያ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በኡጋንዳና በደቡብ ሱዳን ደረቅ የግራርና የእሾህ ቁጥቋጦዎች ውስጥ ይኖራል። የሚበላው ፌንጣ፣ ጥንዚዛ፣ ምስጥ፣ ጉንዳንና አባጨጓሬ የመሳሰሉትን ነው። የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ወፎች አይቆጠርም፤ ስለዚህ ችግሩ ወፉን ማግኘት ሳይሆን ያገኙት ወፍ እሱ መሆኑን ማወቅ ነው።

በአናቱ ላይ ቀጫጭን ጥቁር ጭረቶች እንዳሉት መጻሕፍት ይናገራሉ፤ ትክክል ነው። ነገር ግን በዚህ ምልክት ብቻ እንዳትተማመኑ አደራ እላለሁ። ጭረቶቹ እጅግ ቀጭን ስለሆኑ ከሃያ ሜትር በላይ ርቀት አይታዩም፤ በአንዳንዶቹ ወፎች ላይ ደግሞ ቀርበውም እምብዛም ጎልተው አይወጡም። በአገራችን ከሚገኙት መካከል አነስ ያለ ዝርያ አለ፤ አንዳንድ የወፍ ተመራማሪዎች ራሱን የቻለ ወፍ አድርገው እስከ መቁጠር ደርሰው ነበር። እናንተ በመስክ ላይ ስትሆኑ ይህ ክርክር አያስጨንቃችሁ።

ከባለ ጭረቱ ዝንብ አዳኝ ጋር ሲነጻጸር

ይህ ንጽጽር ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል፤ ስህተቱ የሚደጋገመው እዚህ ላይ ነውና። ባለ ጭረቱ ዝንብ አዳኝ በአውሮፓና በእስያ ተራብቶ ወደ አፍሪካ የሚመጣ ስደተኛ ነው። በመጠን ይቀራረባሉ፤ ሁለቱም አመድማ ናቸው፤ ሁለቱም ቀጥ ብለው ገላጣ ቅርንጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። አናቱ ላይ ጭረት ያለው ወፍ የሚፈልግ ሰው ባለ ጭረቱን ሲያይ ደስ ብሎት "አገኘሁት!" ይላል።

ደረቱን እዩት። ባለ ጭረቱ ከጉሮሮው ጎን ጀምሮ እስከ ደረቱ ድረስ ቡናማ ጭረቶች አሉት። የግራጫው ደረት ንጹሕ ነው። ጀርባውን ሰጥቷችሁ ከተቀመጠ ደግሞ ክንፉን ተመልከቱ። ባለ ጭረቱ ከአውሮፓ እስከ ደቡባዊ አፍሪካ የሚበር ተጓዥ ስለሆነ ክንፉ ረጅም ነው፤ ሲታጠፍ ጫፉ የጅራቱን አጋማሽ ያህል ይደርሳል። ግራጫው የትም የማይሄድ የአገሩ ነዋሪ ነው፤ የታጠፈው ክንፉ አጭር ሆኖ ጅራቱ ከክንፉ ወጥቶ ረዘም ብሎ ይታያል። እኔ ብርሃን ከኋላቸው ሆኖ ቀለም በማይለይበት ሰዓት እንኳ በክንፉ ርዝመት ብቻ ለይቻቸው አውቃለሁ።

አዳኙን በአደኑ የመለየት ነገር እዚህ ላይ ዋጋው ይታያል። ባለ ጭረቱ ከቅርንጫፉ ብድግ ብሎ የሚበር ነፍሳትን አየር ላይ ይቀልብና ብዙ ጊዜ ወደ ተነሣበት ቅርንጫፍ ይመለሳል። ግራጫው ከዝቅተኛ መቀመጫ ሆኖ መሬቱን ይቃኛል፤ ወርዶ ይለቅማል፤ ቦታ እየቀያየረ ቁጥቋጦውን ያዳርሳል። አንድ ጊዜ ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፤ ግራጫውም አልፎ አልፎ አየር ላይ ይቀልባል፤ ባለ ጭረቱም መሬት የሚወርድበት ጊዜ አለ። አራት አምስት ምልልስ ቁጠሩ። የሚያደላበትን ታገኙታላችሁ።

አንድ ወጥመድ ልንገራችሁ። የግራጫው ጫጩት ከጎጆ በወጣ ሰሞን ደረቱና ጀርባው ዥጉርጉር ነው፤ የዚህ ቤተሰብ ጫጩቶች እንደዚያ ናቸው። ዥጉርጉር ደረት አይታችሁ "ባለ ጭረቱ ነው" ከማለታችሁ በፊት አጠገቡ የሚመግበው ወላጅ እንዳለ ፈልጉ። ባለ ጭረቱ እዚህ አይራባምና ጫጩት የምትመግብ ወፍ ካያችሁ ጥያቄው ተዘጋ።

ከፈዛዛው ዝንብ አዳኝ ጋር ሲነጻጸር

እዚህ የአደን ዘዴው አያድነንም። ፈዛዛው ዝንብ አዳኝ የግራጫው የቅርብ ዘመድ ነው፤ እሱም ከቅርንጫፍ ወደ መሬት ወርዶ ይለቅማል። ስለዚህ ወደ መጠንና ወደ ቀለም እንመለሳለን። ፈዛዛው ገዘፍ ይላል፤ ከ15 እስከ 17 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ቡናማነቱ ይጎላል፣ ጅራቱ ይረዝማል፣ ምንቃሩም ረዘም ያለ ነው፤ አናቱ ላይ ጭረት የለውም። ብዙውን ጊዜ የሚኖረው ከእሾህ ቁጥቋጦ ይልቅ ዛፉ ተለቅ፣ ቅጠሉ ሰፋ ባለበት ጫካ ነው።

"ብዙውን ጊዜ" ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በደቡብ ኢትዮጵያና በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ ደረቅ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚኖር፣ ቀለሙም ወደ ግራጫ የሚያደላ የፈዛዛው ዝርያ አለ። በዚያ አካባቢ የመኖሪያው ልዩነት ይጠፋል፣ የቀለሙ ልዩነት ይጠብባል፤ የሚቀረው የምንቃሩና የጅራቱ ርዝመት ነው። ይህ ቦታ ስንመርጥ እንደገና ይነሣል።

የቀሩት

የጋምባጋ ዝንብ አዳኝ ስሙን ያገኘው በሰሜን ጋና ከሚገኝ ስፍራ ነው፤ በአገራችን ቆላዎችም አልፎ አልፎ ይታያል። ትንሽ፣ ቡናማ፣ ደረቱ ላይ የደበዘዘ ጭረት ያለበት ወፍ ነው። የታችኛው የምንቃሩ ክፍል ቢጫማ ስለሆነ ከግራጫው ጥቁር ምንቃር ይለያል። ጥሩ ብርሃን ካለ ይህ አንድ ምልክት ይበቃል።

በደጋ የሚኖረው፣ ዓይኑ ነጣ ያለው፣ በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የሚገኘው ጠቆር ያለ ግራጫ ዝንብ አዳኝ ሌላ ነው። እሱ የጥድና የወይራ ጥላ የሚወድ የደገኛ ወፍ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ዛፍ በበዛበት ግቢ ዝንብ አዳኝ ካያችሁ እሱን ማሰብ ይቀላል፤ በቆላው ግራር ውስጥ ግን ከቁጥር አይገባም። ጥቁሩም ዝንብ አዳኝ ከጥቁረቱ የተነሣ ከግራጫው ጋር አይምታታም።

መቼ መሄድ ይሻላል?

ምርጫ ካላችሁ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ሂዱ። ምክንያቱ የአየሩ ምቾት ብቻ አይደለም። ባለ ጭረቱ በአብዛኛው በአገራችን አላፊ ነው፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር ወደ ደቡብ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ወደ ሰሜን ሲመለስ ይበዛል። በእነዚያ ወራት አንድ የግራር ጫካ ውስጥ ሁለቱም ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ግን አብዛኞቹ ተጓዦች ከምድር ወገብ በስተደቡብ ናቸው። የምታዩት አመድማ ወፍ ግራጫው የመሆኑ ዕድል ከፍ ይላል፤ ጀማሪን ከሚያሳስቱት ዋነኛው በሌለበት መጀመር ትልቅ እረፍት ነው።

ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ማየት የምትፈልጉ፣ ዓይናችሁን ለማሠልጠን የምትሄዱ ከሆነ ግን ምክሬን ገልብጡት፤ በጥቅምት ሂዱ። አስቸጋሪ ነው፤ ግን አንድ ቅዳሜና እሑድ ብዙ ያስተምራል።

ከቀኑ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለውን ጊዜ አታባክኑት። ከ4 ሰዓት በኋላ ቆላው ይግላል፣ ወፎቹ ጥላ ውስጥ ይገባሉ፣ ከመሬት የሚነሣው ሙቀት ደግሞ በባይኖኩላር የምታዩትን ሁሉ ያንቀጠቅጠዋል። ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ጀምሮ እንደገና መውጣት ይቻላል።

አዋሽ ወይስ ያቤሎ?

አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በአዳማው የፍጥነት መንገድ ወጥቶ በመተሐራ በኩል ይደረሳል። ዓርብ ከሰዓት ወጥቶ እሑድ ማታ መመለስ ይቻላል። ፓርኩ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው፤ ከሣራማው ኢላላ ሳላ ሜዳ፣ ሳላዎች ከሚግጡበት፣ እስከ ወንዙ ሸለቆ ዳርቻ ድረስ የእሾህ ቁጥቋጦው እየሳሳና እየጠበቀ ይዘልቃል። ግራጫውን የምትፈልጉት ሜዳው ከቁጥቋጦው ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ነው። ከዝቅተኛ ቅርንጫፍ መሬቱን የሚቃኝ ወፍ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ የሚቀመጥበት እንጨትና ከሥሩ የሚታይ ባዶ አፈር። ሣሩ ጉልበት ከደረሰ ወይም እሾሁ እርስ በርሱ ከተቆላለፈ እሱን አታገኙትም። በአዋሽ ሸለቆ እየተስፋፋ ባለው፣ ፕሮሶፒስ በሚባለው መጤ እሾሃማ ተክል ጥቅጥቅ ውስጥም አትልፉ፤ ዳር ዳሩን ሂዱ።

ያቤሎ ሌላ ዓለም ነው። በሐዋሳ፣ በዲላና በሐገረ ማርያም አልፎ 570 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛሉ፤ ከአራት ቀን ያነሰ ጊዜ ይዞ መሄድ ድካም ብቻ ነው። ድካሙን ግን ይክሳል። እ.ኤ.አ. በ1938 ለሳይንስ የታወቀው፣ በዓለም ላይ ከዚህ ደቡባዊ የኢትዮጵያ ክፍል በቀር የትም የማይገኘው፣ በዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ቆዳ ያለው የቁጥቋጦ ቁራ የሚኖረው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 የተገለጸችው ጅራተ ነጭ ወንጭፊትም እዚያው ትበራለች። በቦረና ቀይ አፈር ላይ፣ ከሰው ቁመት በላይ በቆሙ ኩይሳዎች መካከል፣ ግራጫው ዝንብ አዳኝ ከኩይሳው ጫፍ ሆኖ መሬቱን ሲቃኝ ያየሁበትን ጠዋት እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። ከአዋሹ የሚለየው አፈሩ ነው፤ በዚያ ቅላት ላይ ግራጫነቱ ከሩቅ ይነበባል።

ታዲያ ለምን መጀመሪያ ወደ ያቤሎ ሂዱ አልላችሁም? ከላይ ያነሣሁት የፈዛዛው ዝንብ አዳኝ ግራጫማ ዝርያ የሚኖርበት አገር ወደዚያው ስለሚቀርብ ነው። ሁለቱን ከዚህ በፊት ለይቶ ያላየ ሰው እዚያ ሄዶ በምንቃር ርዝመት ሲጨነቅ ይውላል። በተጨማሪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሣር በእሳት ማቃጠል ከተከለከለ ወዲህ በቦረና ቁጥቋጦው የግጦሽ መሬቱን እየወረሰ ስለ ሄደ፣ ገላጣ ጠርዝ ፍለጋ ብዙ መጓዝ የሚጠይቅበት ቦታ አለ። የኔ ፍርድ ግልጽ ነው፤ የመጀመሪያዋን ወፍ አዋሽ ላይ እዩ፣ ዓይናችሁ መጠኑንና አቀማመጡን ይልመድ፤ ከዚያ ወደ ያቤሎ ስትወርዱ ከቁራውና ከወንጭፊቷ ጋር በደስታ ታዩታላችሁ።

ሦስተኛ አማራጭ የሚያነሡ አሉ፤ አቢጃታ ሻላ። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ይቀርባል፤ ለፍላሚንጎና ለሌሎች የውኃ ወፎች ከሄዳችሁ መንገዳችሁን አትቀይሩ። ለዚህ ወፍ ብላችሁ ግን አልመክረውም። ግራሩ በከሰልና በእርሻ ብዙ ተጎድቷል፤ ይህን ስጽፍ ያሳዝነኛል፤ የተረፈውም ረዘም ያለ ጫካ ስለሆነ የፈዛዛው ጥያቄ ይከተላችኋል።

ለሁለቱም ቦታ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከአካባቢው ሰው በስልክ አጣሩ። በአዋሽ ፈንታሌ ዙሪያ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ እስከ 2025 መጀመሪያ በተደጋጋሚ መሬት ተንቀጥቅጦ ነዋሪዎች ከቀያቸው እስከ መውጣት ደርሰዋል። ወፉ በሚቀጥለው ወርም እዚያው አለ።

በመኪና ወይስ በእግር?

መኪና ውስጥ ከተቀመጣችሁ ወፎቹ ብዙም አይሸሹም፤ ሞተሩን አጥፍታችሁ በመስኮት ማየት ለፎቶግራፍም ይመቻል። ይሁን እንጂ ለዚህ ወፍ እኔ እግሬን እመርጣለሁ፤ ከስካውት ጋር ሆኖ፣ በፓርኩ ደንብ። አራት አምስት የአደን ምልልስ ለመቁጠር አንድ ቦታ ቆሞ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ መኪና ላይ ያለ ሰው ሁልጊዜ "እንቀጥል" የሚል ጓደኛ አለው። ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉ፣ ወፉን በቀጥታ ሳይሆን በጎን እየቀረባችሁ፣ በየአሥር እርምጃው ቁሙ።

ባይኖኩላር ለመግዛት የምታመነቱ ካላችሁ፣ 8 በ42 የሚለውን ከ10 በ42 አስበልጣለሁ። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት ጊዜ እንደሚያቀርብ፣ ሁለተኛው የፊተኛው መስታወት በሚሊ ሜትር ያለውን ስፋት ያሳያል። አሥሩ በእርግጥ ይበልጥ ያቀርባል፤ የእጅ መንቀጥቀጡንም አብሮ ያጎላል፤ የሚያሳየው ቦታም ይጠባል። ከቅርንጫፍ ወደ መሬት፣ ከመሬት ወደ ሌላ ቅርንጫፍ የምትዘል ወፍ ለመከተል ሰፊ እይታ ይሻላል። የድምፅ ቅጂ አጫውቶ ወፍ መጥራት ግን ተዉት። የግራጫው ድምፅ ቀጭንና ዝግ ያለ ስለሆነ ለመለየት ብዙም አይረዳችሁም፤ ጎጆ ላይ ያለችን ወፍ ከሥራዋ ከማስተጓጎል በቀር ጥቅሙ አይታየኝም።

መለየት ሲያቅት

ሁሉንም አድርጋችሁ፣ ወፉ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጦ፣ አንድም ጊዜ ሳያድን በሮ ቢሄድ ሁለት አማራጭ አለ፤ የሚመስላችሁን ስም መጻፍ ወይም "ስሙ ያልተለየ ዝንብ አዳኝ" ብሎ መተው። ሁለተኛውን ምረጡ። ያያችሁትንና ያላያችሁትን ለይታችሁ አስፍሩ፦ "ደረት ንጹሕ፣ ክንፍ አጭር፣ ምንቃር አልታየም።" የኔ የአዋሹ ደብተር ላይ ከተሰረዘው መስመር ሥር ያለው ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ "ከመሬት፣ አምስት ጊዜ። ከአየር፣ አንድ ጊዜ። ግራጫው።"